አንድ ማይክሮፎን

የእኔ ሥራ ቀላል ነው፤ አንድ ማይክሮፎን ማቆም፣
ገመዱን መዘርጋት፣ ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ ዝም።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በምሥራቅ ኬንታኪ ተራራ፣
በእሳት አደጋ ጣቢያው ቅዳሜ ዓሣ ሲጠበስ፣
በሠርግም በለቅሶም ከእነሱ ጋራ።
ስማቸው «የጨው ምንጭ ልጆች»፤
ታናሻቸው እንኳ አያት ነው፣ የአራት ጎረምሶች።

ባንጆው የዶርሲ ራትሊፍ ነው።
በሃያ ስድስት ዓመቱ የጣውላ ፋብሪካው መጋዝ
የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ወሰደው።
ባንጆ ሦስት ጣት ይላል፤ አንዱ ከሄደ ምን ይበጀው?
ክረምቱን ሙሉ ማድቤት ተቀምጦ
የቀለበት ጣቱን ፊደል አስቆጠረው፣
እንደ ሰነፍ ተማሪ እየገሠጸ፣ ሲሳሳት እየመለሰ፤
በረዶው ቀለጠ፤ ወንዙም ደፈረሰ።
ዛሬ ምቱ ትንሽ ያነክሳል፤
በየዙሩ አንዲት ኖታ ዘግይታ ትገባለች፣
በር ላይ እንደምታመነታ እንግዳ።
ከሌላ አውራጃ ወጣቶች መጥተው ሊቀዷት ይሞክራሉ፤
ጣታቸው ሙሉ ነውና አትመጣላቸውም።

ባሱ የኦሊታ ክረም ባል፣ የሄርሼል ነበር።
ሄርሼልን የከሰል ብናኝ በላው፤
ሳንባው በመጨረሻ የጭስ ማውጫ ያህል ጠቆረ።
ከቀብሩ በኋላ ባሱ ሳሎን ጥግ ቆሞ ቀረ፣
«ተቀመጥ» ያላሉት እንግዳ መስሎ።
ልትሸጠው ነበር። አቧራውን ስትጠርግ
ወፍራሙን ክር ነካችው።
«በጆሮዬ አይደለም፣ በሆዴ ነው የሰማሁት» ትላለች፤
ገዢው ከነገንዘቡ ተመለሰ።
ቀን ደብዳቤ ታድላለች፣ ማታ ያንን ግንድ ታቅፋለች፤
አንገቱ ከራሷ በላይ፣ ልክ እንደ ሟቹ።

ቨርሊንና ኖላን ስቲድሃም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።
ቨርሊን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይጠግናል፤ ጥፍሩ ሥር ግራሶ፣
መዳፉ አካፋ፣ ማንዶሊኗ እዚያ ውስጥ እንደ ጫጩት።
ኖላን ንብ ያረባል፤ ቫዮሊኑም ከቀፎው የተማረ ይመስላል።
ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመት አለፋቸው።
ነገሩ አጥር ነው፤ ክንድ ተኩል መሬት፣
በቆሎ እንኳ የማይበቅልበት።
ማይክሮፎኑ ግን አንድ ነው፤
የአንዱ ተራ ሲደርስ ሌላው ትከሻውን ሰበር ያደርጋል፣
እንዲያልፍ መንገድ ይለቅለታል፤
ፍርድ ቤት ያላስለቀቀውን ስንዝር
በየቅዳሜው፣ በነፃ፣ ለሦስት ደቂቃ ዘፈን።

ዋይሊ ፕሩዊት ጊታር ይዞ ያዜም ነበር። መሃለኛው ድምፅ።
ጸደይ ላይ ጉሮሮውን ቀደዱት፤ ሐኪሞቹ
ሕይወቱን መለሱለት፣ ድምፁን ግን እዚያው አስቀሩት።
«ሌላ ዘፋኝ ፈልጉ» ብሎ በወረቀት ጻፈ።
ኦሊታ ወረቀቷን አጥፋ
ከባሱ እግር ሥር ሸጎጠቻት፣ እንዳይወዛወዝ።

በመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ።
በቦታው ቆመ። ጊታሩ ጀመረ፣ ባንጆው አነከሰ፣
ስንኙ ደረሰ፤
ዋይሊ አፉን ከፈተ፣ ከንፈሩ ቃሉን ሠራ፤ ምንም።
ማንም አልተካውም። አልተመካከሩበትም ነበር።
ኖላን ከላይ ያዘ፣ ቨርሊን ከታች ያዘ፤
መካከሉ ባዶ፤
ሁለት ወንድማማች ቃሬዛ እንደሚሸከሙ
ያንን ባዶ ተሸክመው ስንኙን ዘለቁት።
ዓሣ የሚጠብሰው ሰውዬ መጥበሻውን ከእሳት አወረደ።
እኔም ልማድ ሆኖብኝ እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ፤
ዋይሊ ዝግ ሲል ከፍ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር።
ምኑን ከፍ ላደርግ?
አደረግሁት።

ሁሉም ካበቃ በኋላ፣ ገመዴን ክርኔ ላይ ስጠቀልል፣
ከመኪና ማቆሚያው ጨለማ ቨርሊንን ሰማሁት፦
«የኋላው ግራ ጎማህ ተንፍሷል።»
ኖላን ጎንበስ ብሎ አየ፣ በእግሩም ነካ አደረገው።
«አዎ» አለ። «ተንፍሷል።»